በግድግዳው ላይ ያልነበረው ስም

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ልጆቼ፤

ማሽኑን አጥፍታችሁ፣ ሰጋቱራውን ጠርጋችሁ፣ ለስንብቴ ወንበር ደርድራችሁ ስለጠበቃችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። ወንበሮቹ የኛው ሥራ መሆናቸውን ከዚህ ሆኜ አይቻለሁ። ከኋላ ያለው አንዱ ይወዛወዛል። ማን እንደሠራው አልጠይቅም፤ ዛሬ የምጠየቀው እኔ ነኝ።

ልጄ ይህን ወረቀት ስትሰጠኝ «ጻፈው አባዬ፤ በቃል ከሆነ ትሸሻለህ» ብላኛለች። ታውቀኛለች። ስለዚህ የምሸሸውን ነገር ላስቀድም።

እኔ ፕላን ማንበብ አልችልም ነበር።

ይህን ቤት ሃያ አራት ዓመት ስመራ፣ ደረጃና በር ስንሠራ፣ ደንበኞች ጠረጴዛዬ ላይ ከዘረጉት ፕላን አንዱንም አንብቤ አላውቅም። አላነበብኩትም ማለቴ ሳይሆን ማንበብ አልችልም ማለቴ ነው። ክፍሉን ከግድግዳው፣ መስኮቱን ከበሩ አልለይም ነበር።

እዚያ ጋ መንሾካሾክ ሰማሁ። ቆዩኝ፣ ይህ ቀላሉ ነው።

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያስተማረኝ እንጨት ነው። ሳንቃ በመዳፌ ሳሻሸው የቱ እንደሚጣመም፣ የቱ ቀጥ ብሎ እንደሚኖር አውቃለሁ። ደረጃ ሥራ ስባል ረጅም የልክ ዘንግ ይዤ ቤቱ ድረስ እሄዳለሁ፤ ከወለል እስከ ወለል ዘንጉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጌ እመለሳለሁ። ሜትሩም ቁጥሩም አያስፈልገኝም። የሠራሁት ደረጃ ቦታው ላይ ልክ ቁጭ ይላል። በዚህ አላፍርም።

ታዲያ ይህን ወርክሾፕ ስከፍት የመጀመሪያው ደንበኛ የተጠቀለለ ወረቀት በብብቱ ይዞ መጣ። ዘረጋውና «ኢንጂነር፣ እስቲ ይዩልኝ» አለኝ። ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ማንም የለም። ለካ እኔን ነው።

«ኢንጂነር አይደለሁም» የሚለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አዲስ ኮት ለብሻለሁ፤ በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ ሰውየው ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ግንባሬን ቋጠርኩ፣ እርሳሴን ከጆሮዬ አወረድኩ፣ ወረቀቱን ብዙ አየሁትና «ይደር። ነገ እነግርዎታለሁ» አልኩት።

ይህን ቃል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ጋሼ ይደር ብሏል» ስትባባሉ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! በዚህ ቤት ፕላን በመጣበት ቀን መልስ የማይሰጠው ለዚህ ነው። እናንተ አለቃችን ቸኩሎ አይወስንም አላችሁ። እኔ ፕላኑን ለባለቤቴ ይዤላት እየሄድኩ ነበር።

ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ በወጣትነቷ በአንድ የሕንፃ ሥራ ቢሮ መዝገብ ቤት ሠርታ ነበር፤ ፕላን ማንበብ ያኔ ነው የለመደችው። የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ትዘረጋውና እንዳይጠቀለል ጥግ ጥጉን በጨው ዕቃና በብርጭቆ ትይዘዋለች። «ይኸው በር፣ ይኸው መስኮት፣ ይሄ ቀስት የደረጃው ነው» እያለች በጣቷ ታሳየኛለች። እኔ የነገረችኝን ይዤ ጠዋት እመጣለሁ። ደንበኛው ይደነቃል።

አንድ ጊዜ «ለምን አትነግራቸውም?» አለችኝ።

«ምን ብዬ?»

«አላውቅም ብለህ ነዋ።»

«አለቃ አላውቅም ይላል እንዴ?»

«እሱ ነው እንጂ ማለት የሚችለው! ሠራተኛማ ብባረርስ ብሎ ይፈራል። አንተን ማን ያባርርሃል?»

ሳቅን። ያባርረኛል ብዬ የምፈራው ግን ነበር። በሩ በተንኳኳ ቁጥር አንድ ሰው ስም ዝርዝር ይዞ ገብቶ «አንተ፣ ተነስ፤ ይህ ወንበር ያንተ አይደለም» የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። ሥራው ሲሰፋ ፍርሃቱ ይቀንሳል ብዬ ነበር፤ አብሮ ሰፋ። ፕላን ሲመጣ የማደርገውን መነጽርም ታውቁታላችሁ። መስታወቱ ተራ መስታወት ነው። ዓይኔ ተመስገን ደህና ነው።

ሳቁ፣ ግድ የለም።

እኔን ግን አንድ ነገር አያስቀኝም። በጸሎቴ ሁልጊዜ «ጌታዬ ጠብቀኝ» እል ነበር። ከምን እንዲጠብቀኝ እንደምለምን አንድ ቀን ራሴን ብመረምር ከመጋለጥ ሆኖ አገኘሁት። ይህን ያህል ዓመት እግዜርን የውሸቴ ዘበኛ አድርጌው ኖሬያለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

እንግዶቻችን ከኋላዬ ባለው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን እንጨት ሁሉ ምንድነው ብላችሁ ይሆናል። የጥፋት ግድግዳ እንለዋለን። በዚህ ቤት ሥራ ያበላሸ ሰው አይሰደብም፣ ደመወዙም አይቆረጥም። ካበላሸው ላይ አንድ ቁራጭ ይወስዳል፣ ስሙንና ቀኑን በገዛ እጁ ይጽፍበታል፣ በምስማር ይሰቅለዋል። አለቀ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አርባ አንድ ቁራጭ አለ፤ አጭር የተቆረጠ የበር ጉበን አለ፣ ማጠፊያው በተቃራኒው የገባለት መዝጊያ አለ።

አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር የምታደርጉትን አውቃለሁ። «የጋሼን ቁራጭ ፈልግ» ትሉታላችሁ። ሲፈልግ ይቆይና «የለም» ይላል። «አዎ፣ የለም!» ትሉታላችሁ። እኔ ቢሮዬ ሆኜ እሰማለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ። ደንቡን ያወጣሁት ሰው እንዲማርበት ነው ስል ኖሬያለሁ። ምናልባት የምደበቅበት ግድግዳ ፈልጌም ይሆናል።

ባለቤቴ ካረፈች አራት ዓመት ተኩል ሊሞላ ነው። እሷ በሄደች በዓመቱ የአንድ ቤተ መጻሕፍት ደረጃ ሥራ መጣ። ሕንፃው ገና አልተጀመረም፤ ዘንግ ይዤ ሄጄ የምለካው ወለል የለም። ያለው ወረቀት ብቻ ነው። «ይደር» ብዬ ወደ ቤት ወሰድኩት። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ጥግ ጥጉን በብርጭቆ ያዝኩት። ከዚያ ብቻዬን ተቀመጥኩ።

አልችልም ማለት ያኔም ይቻል ነበር። እሷ የነገረችኝን አስታውሳለሁ ብዬ ተማመንኩ። ቀስቱን አገኘሁት። ቀስቱ መውጫውን እንደሚያሳይ ነግራኝ ነበር፤ እኔ መውረጃውን የሚያሳይ መሰለኝ። በዚያው ሂሳብ ማዞሪያውን በግራ በኩል ብዬ ዘንጉ ላይ ምልክት አድርጌ ለአናጺው ሰጠሁት።

አናጺው ግራው ነው። እንግዶቻችን እንድታውቁት፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠው ነው። በግራ እጁ ስለሚሠራ ግራው እንለዋለን። ከዚህ ቤት እጅ ሁሉ ንጹሑ የሱ ነው።

ሁለት ወር ተኩል ሠራው። ሕንፃው ሲደርስ ጭነን ወሰድነው። ስናቆመው ማረፊያው ፊት ለፊት ከግድግዳ ጋር ተላተመ። በቀኝ መዞር የነበረበት ደረጃ በግራ ዞሯል። የሕንፃው ተቆጣጣሪ አንዴ ደረጃውን፣ አንዴ እኛን አየና «ማነው የሠራው?» አለ።

ያኔ የነበረው ፎርማናችን ጨዋታ ይወዳል። «ማን ይሆናል፣ ግራው ነዋ! ወደሚመቸው አዞረው!» አለ። ሁሉም ሳቀ። ተቆጣጣሪው ሳይቀር ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ።

ግራው አልሳቀም። አየኝ። ምልክቱ የኔ መሆኑን ያውቃል። ዘንጉም መኪናው ላይ ነበር። ያለው ነገር ቢኖር «ልኩን ደግሜ ማየት ነበረብኝ» ብቻ ነው። ተመልሰን ስንመጣ ከደረጃው አንድ መርገጫ ቆርጦ ስሙን ጻፈበትና ሰቀለው። በማግሥቱ ማንም ሳይገባ መጥቼ ያንን ዘንግ መላጊያ አሳረፍኩበት። ምልክቴን አጠፋሁት።

ይኸው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የደበቅሁት ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ደከመ ብዬ ፕላን ማንበብ የተማረችውን ልጄን ወደ ሥራው አመጣኋት፤ ፕላኑን እሷ ታነብልኝ ጀመር። ባለፈው ወር አንድ ፕላን ዘርግታ «አባዬ፣ የዚህ ቤት መግቢያው በየት ነው?» አለችኝ። በልበ ሙሉነት ጣቴን አስቀመጥኩ።

«እሱ መጸዳጃ ቤቱ ነው።»

ሳቀች። ከዚያ አየችኝና ሳቋን አቆመች። «አባዬ፣ እውነት ዓይንህ ነው?»

ነገርኳት። የእናቷን፣ የመነጽሩን፣ ሁሉንም። ሰምታኝ ስታበቃ «የቤተ መጻሕፍቱስ ደረጃ?» አለች።

መነጽሬን አውልቄ ፕላኑ ላይ አስቀመጥኩ።

«ግራው ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«ሦስት ዓመት!» አለችና ተነሳች። «ፎርማኑ ሥራውን ትቶ ወደ ልጆቹ ከሄደ ወዲህ ግራውን በቦታው ላድርገው ስል ሠራተኞቹ ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? ‹ደረጃ ገልብጦ የሠራ ሰው እኛን ሊቆጣጠር ነው?› ነው ያሉኝ። እኔም አመንኳቸው። ልተወው ነበር እኮ፣ አባዬ!»

እናቷ ብትኖር እንዲያ በጮኸችብኝ።

ወደ ግራው ሄድኩ። በር እየላገ ነበር። «ይቅር በለኝ» አልኩት። «ስለምኑ ጋሼ?» አለ፤ መላጊያውን አላቆመም። «ስለ ደረጃው።» አንድ ጊዜ ገፋ፣ ሁለት ጊዜ ገፋ፣ ከዚያ አቆመ።

«እኔ እኮ ሳልቆርጠው በፊት ጠርጥሬ ነበር» አለኝ። «ማዞሪያው አላማረኝም። ልጠይቅዎት ቢሮው በር ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ።»

«ለምን ተመለስክ?»

«እንዴ ጋሼ! እርስዎ መቼ ተሳስተው ያውቃሉ? ግድግዳው ላይ ስምዎ የለማ።»

ክቡራትና ክቡራን፣ ይህን ስሰማ የገባኝን በአጭሩ ልንገራችሁ። አዋቂ ካልመሰልኩ ይህ ቤት ይፈርሳል ብዬ ነበር ያስመሰልኩት። ለካ ያንን ደረጃ ያበላሸው ቀስቱ ብቻ አይደለም፤ ማስመሰሌም ነው። እኔ የማልሳሳት ሰው ባልመስል ኖሮ ግራው በሩን ያንኳኳ ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር አልተገለበጠም ወይ?» ይለኝ ነበር። የሁለት ወር ተኩል ሥራና የአንድ ሰው ስም ይተርፍ ነበር።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አልኩት።

«እኔን ይቅርታ አይጠይቁኝ፤ እኔማ አውቃለሁ» አለ። «የማያውቁት እነሱ ናቸው።»

ስለዚህ ይኸው፣ ለናንተው ነገርኳችሁ። ፎርማን ማን ይሁን የሚለውን ልጄ ትወስናለች፤ ከነገ ጀምሮ ቁልፉ የሷ ነው። እኔ በሷ ቦታ ገብቼ አልሾምም። ግን ሐሰተኛ ምስክር ይዛችሁ እንዳትፈርዱ ብዬ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ አዲስ ደንበኛ መጣ። ሱፍ የለበሰ፣ ስልኩ የማያርፍ ሰው ነው። ፕላኑን ዘረጋና «ኢንጂነር» አለኝ። እንደ ድሮው መነጽሬን ከኪሴ ልወስድ እጄን ሰደድኩና ተውኩት። «ኢንጂነር አይደለሁም፣ አናጺ ነኝ። ፕላን ማንበብ ገና እየተማርኩ ነው፤ የምታነበው ልጄ ናት» አልኩት። ጣሪያው ይወድቃል ብዬ ጠበቅሁ።

ሰውየው ወረቀቱን ወደ ልጄ ገፋ አደረገና «ተመስገን፣ እኔም አላነበውም» አለ። «እዚህ የመጣሁት አማቴ ቤት የሠራችሁት ደረጃ አሥራ አምስት ዓመት ሲረገጥ አንድ ቀን ሲንቋቋ ስላልሰማሁ ነው።»

ያንን ደረጃ በዘንጌ ነው የለካሁት፤ በእጄ ነው የሠራሁት። እሱ ውስጥ ያስመሰልኩት ነገር አልነበረም። ሃያ አራት ዓመት ደንበኛ የሚያመጣልንን የእጄን ሥራ ትቼ አዋቂ መምሰሌን ስጠብቅ ኖርኩ። አይገርምም?

ማንበቡን ልጄ ታስተምረኛለች፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ። ቀስቱ መውጫውን ነው የሚያሳየው። አሁን አውቃለሁ።

እንግዲህ እጃችሁን ከመጋዝ፣ ዓይናችሁን ከስንጣሪ ይጠብቅልኝ። የሠራችሁት በር ደህና ሰው የሚገባበት ይሁን። ትዳራችሁን ያጽናላችሁ፤ ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። አለቃ ስትሆኑ፣ መቼም ከናንተ ውስጥ የሚሆን አይጠፋም፣ «አላውቅም» የምትሉበት አፍ ይስጣችሁ። እናንተንም በር አንኳኩቶ «ተሳስተሃል» የሚላችሁ ሰው አያሳጣችሁ። ለኔ ሃያ አራት ዓመት የሰጠኝ አምላክ ለናንተ ከዚያ የበዛ ይስጣችሁ። ይቅር በሉኝም።

ዛሬ ጠዋት ወንበር ለመደርደር ከመምጣታችሁ በፊት በሩን ከፍቼ ገብቻለሁ። የቤተ መጻሕፍቱን መርገጫ ከግድግዳው አወረድኩ። ጠረጴዛዬ ላይ በማሰሪያ ይዤ ላግሁት፤ እርሳሱ ጠልቆ ስለነበር የግራው ስም የጠፋው በሦስተኛው ግፊት ነው። የኔን ስም ጻፍኩበት። ቀኑን የዛሬን አላደረግሁም፤ የዚያኑ ቀን ጻፍኩ። ከዚያ በዚያው ምስማር መልሼ ሰቀልኩት።