የሙዐዊያ ባሕርና የሰደቃው ዳቦ

ፀሐይዋ የሸዋ ሮቢትን አስፋልት ማጋል በጀመረችበት ረፋድ ላይ አቶ አብዱረሂም ከአንድ ሱቅ መስኮት ፊት ቆመው በረኪና ጠየቁ። ባለሱቁ «ትንሹን ነው ትልቁን?» ቢላቸው፣ «ትልቁን አድርገው፤ የዓሣ ገንዳ የማጸዳበት ነው» አሉት።

ከጎናቸው ሳሙና ትገዛ የነበረች ወጣት ቀና ብላ አየቻቸው። ጽጌ ትባላለች። ከደብረ ሲና ወርዳ እዚሁ ከተማ ባዮሎጂ የምታስተምር መምህርት ናት።

«ይቅርታ አባባ፣ ጣልቃ ገባሁ። ዓሦቹ በሕይወት አሉ?»

«አሉ፤ መኖር ከተባለ። አረንጓዴ ጠጉር የመሰለ ነገር በቅሎ ውጦ ሊጨርሳቸው ነው። በረኪና የማያጠፋው ነገር የለም ብዬ ነው።»

«እሱስ ያጠፋዋል። ግን ዓሦቹንም አይምርም። ባይከፋዎት፣ ሳይጨምሩበት አንድ ጊዜ ልየው።»

አቶ አብዱረሂም ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ሰው ሲያናግራቸው ቃሉ ዘግይቶ ነው የሚደርሳቸው። በመጨረሻ «ነይ እንግዲህ» አሉና በረኪናውን በብብታቸው ሸጉጠው ወደ ምግብ ቤታቸው መሯት።

ገንዳው ከጓዳው መስኮት ሥር የተቀመጠ ሰፊ መስታወት ነው። የሠራው፣ በመንገድ ላይ እንደነገሯት፣ ልጃቸው ሙዐዊያ ነበር። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበርና እናትና አባቱ ባሕር አይተው እንደማያውቁ ሲሰማ «እናንተ ካልሄዳችሁ ባሕሩ ራሱ ይመጣላችኋል» ብሎ፣ የጨው ውኃውን በጀሪካን፣ ዓሦቹንና መርጃኑን በማቀዝቀዣ ሣጥን እያመላለሰ ሞላላቸው። መርጃን ድንጋይ መስሎ የሚኖር፣ እንደ አበባ የሚከፈት የባሕር ፍጡር ነው። ያንን ካመጣላቸው በኋላ ብዙም አልቆየም፤ ከሚሌ ወዲህ መኪናው ተገለበጠና ሞተ።

ለቅሶ ደራሹ ገንዳውን ሲያይ «ለሙዐዊያ ሰደቃ ይሁን» ብሎ ቁራሽ ዳቦ ይጥልበት ጀመር። አንዱ የጀመረውን ሌላው ተከተለ። ኋላ ላይ ምግብ ቤቱ ገብቶ ዳቦ ሳይጥል የሚወጣ ሰው እንደ ጨካኝ ይታይ ነበር። ልማድ ከሐዘን ጋር ሲጋባ ማን ደፍሮ ያፋታዋል?

ጽጌ መስታወቱን ተጠግታ ብታይ ድንጋዩም መርጃኑም በአረንጓዴ ጠጉር ተጀቡኗል። አንድ ቢጫ ዓሣ ጥግ ይዞ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«ይኼ አልጌ ይባላል፣ አባባ። ከማሳ አረም ለይተው አይዩት። ከዓሣው የተረፈው ዳቦ ይበሰብስና ማዳበሪያ ይሆነዋል። በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ደግሞ ያበረታዋል።»

«ሰደቃ ነው እኮ የምትዪው! ሰደቃ ከመቼ ወዲህ ነው መርዝ የሚሆነው? ይኼ የሰው ዓይን ነው፣ ልጄ። ቤቴን ያፈረሰው ዓይን እዚህም ደረሰ።»

ጽጌ አልተከራከረቻቸውም። እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ከድንጋዩ ኋላ ሰደደችና አንድ ጥቁር፣ ዝልግልግ ያለ ነገር አውጥታ ዘረጋችላቸው። አሸተቱት። ፊታቸውን አዞሩ።

«ዳቦ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ከሥር ሞልቷል።»

አቶ አብዱረሂም በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ድምፃቸው በቁጣ ጀምሮ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ።

«እና ምን ልሁን? የልጄን ዓሣ በረኃብ ልቅጣ? የዚያን ዕለት እናቱ የቋጠረችለት ምሳ ከነፌስታሉ ነው የተመለሰልን፤ አልነካውም። ሳይበላ ነው የሞተው! ወላሂ፣ ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ምንም ነገር እንዲራብ አልፈልግም።»

ጓዳው ውስጥ ውኃውን እየገፋ ለዓሦቹ አየር የሚሰጠው ሞተር ያጉረመርማል።

«አባባ» አለች ጽጌ፣ «የሙዐዊያን ረኃብ በዓሣ ሆድ መሙላት አይቻልም። የዓሣ ሆድ ጥፍር አያክልም። ሰደቃ የተራበ ሲበላው አይደል እንዴ ሰደቃ የሚባለው? መናኸሪያው አጠገብ ጦሙን የሚያድር ስንት ሰው አለ! እዚህ የሚበሰብሰው ዳቦ የነሱ ነበር።»

«እሺ፣ በረኪናው ባይሆን ሌላ ምን አለው?»

«አንድ ቀን የማይጨርሰው ሥራ አለው። አልጌውን በእጅ እንነቅላለን። መስኮቱን በመጋረጃ እንሸፍናለን። ዓሣው ወዲያው የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ይበላል። በሙቀቱ ውኃው ሲጎድል ጨው የሌለበት ንጹሕ ውኃ ይጨመራል፤ ከትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ የተጣራ አመጣለሁ። የልጅዎ ሹፌር ጓደኞች ደግሞ ከጅቡቲ አዲስ የባሕር ውኃና አልጌ የሚግጥ የባሕር ቀንድ አውጣ ያምጡ።»

ተስማሙ፤ ግን ነገሩ በቀና መንገድ አልሄደም። መብራት ጠፍቶ ሞተሩ ቆመና ሁለት ዓሦች ሞቱ። የአቶ አብዱረሂም ባለቤት መሊካ ዓሦቹን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ «ያስተማሪዋ ምክር ይኸው! ልጄን ሁለተኛ ቀበርኩት» ብላ አለቀሰች። ጎረቤቱም ዳቦ መጣል ሲከለከል «ልቡ ደነደነ» ብሎ አማቸው።

ያን ዕለት አቶ አብዱረሂም ሁሉንም ሊገላገሉት የበረኪናውን ክዳን ከፈቱ። ገንዳው ላይ ጎንበስ ሲሉ ግን፣ አልጌው ከተነቀለበት ስፍራ መርጃኑን ሐምራዊ ጣቶቹን ዘርግቶ አዩት። ልጃቸው ካመጣው ሰሞን ወዲህ እንዲያ ተከፍቶ አያውቅም። ክዳኑን መልሰው ገጠሙ። መሊካን ጠሯት፤ እሷም መጥታ አጠገባቸው ቆመች።

ወራት አለፉ። የሙዐዊያ ሙት ዓመት ዱዓ ላይ ጎረቤታቸው ኑረዲን ለልማዱ ዳቦ ይዞ ወደ ጓዳው ሲያመራ፣ አቶ አብዱረሂም እጁን ያዙት።

«ተው ወንድሜ። እኔም እንዳንተ ነበርኩ፤ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ስገድል ከረምኩ። ይኸው ጥቂት ስንሰጠው ውኃው ጠራ፣ ሽታው ጠፋ፣ የመርጃኑ መልክ ተመለሰ። የቀረው ዓሣ አንድ ነው፤ እሱ ግን ይዋኛል። ለሞተ ሰው ማዘን በሕይወት ያለውን ማበስበስ አይደለም። ዳቦውን አምጣው፤ የሚበላው ሰው ዘንድ እንውሰደው።»

ኑረዲን ዳቦውን አየ፣ መስታወቱን አየ፤ ከዚያ ጫማውን አደረገ። ጽጌም መሊካም ተከትለው ወጡ።

መናኸሪያው ጥላ ሥር ዳቦው ሲታደል፣ ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ድርሻዋን በሁለት እጇ ተቀብላ «የማን ሰደቃ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«የልጄ የሙዐዊያ» አሉ አቶ አብዱረሂም። ሴትየዋ «አላህ ይዘንለት» አለችና ዳቦውን መጀመሪያ ለልጇ ቆረሰች፤ እሳቸውም ልጁ በልቶ እስኪጨርስ ድረስ ከዚያ አልተንቀሳቀሱም።