እህቴ ጉቶዋን ያጣች ጊዜ

ታናሽ እህቴ በላይነሽ ዓይኗ አያይም፤ እዚህ አቦቦ ግን ከእጅ ፓምፑ ውሃ የምትቀዳው ብቻዋን ነው። ተይ ብላትም አትሰማኝ። እኔ ደግሞ ልርዳት ብዬ፣ ሳልነግራት፣ መንገዷ ላይ የነበረውን አሮጌ ጉቶ አስነቅዬ ቤት አስገባሁት፤ እንዳያደናቅፋት ነው እንግዲህ። በማግስቱ ጠዋት ውሃ ልትቀዳ እንደወጣች ቀረች።

ልጆቼ፣ የአቦቦ በቆሎ ክረምት ላይ ሰው ይውጣል፤ እባብም አይጠፋውም። ስሟን እየጠራሁ ስሮጥ ነጠላዬ የት እንደወደቀ እንኳ አላውቅ። በቆሎው መሃል ጀሪካኗ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አጠገቧ ዘጭ አልኩ።

«እትዬ፣ ጉቶዬን ማን ወሰደው?» አለችኝ። «እኔ እኮ እግሬ እሱን ሲነካ ነው ወደ ግራ የምታጠፈው።»

«እኔ ነኝ፤ እንዳትወድቂ ብዬ።»

«ብትጠይቂኝ ወድቄበት እንደማላውቅ እነግርሽ ነበር። ለማገዶ ፈለጥሽው?»

«ኧረ አልፈለጥኩትም።»

«ተመስገን» ብላ ሳቀች። እኔም እንባዬ እየወረደ ሳቅኩ።

ያንኑ ቀን ጉቶውን ጎትተን ወሰድነው። እሷ በእግሯ እየለካች «ትንሽ ወደዚህ» እያለችኝ ቦታው መለስነው። በማግስቱ ልከተላት ዳድቶኝ ነበር፤ እንደምንም ደጃፌ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ጀሪካኗን ሞልታ ስትመለስ መቆሜን አወቀች።

«እየጠበቅሽኝ ነው?» አለችኝ።

«ውሃ ጠምቶኝ ነው» አልኳት።

«እንግዲያ ጣሳ አምጪ።»