የአራሷ ስንዴ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ አሰፋች ይመር
ዕድሜ፦ 56
ሥራ፦ ቀድሞ ገበሬ፣ አሁን ሥራ የላቸውም
አድራሻ፦ ነቀምቴ ከተማ፣ ጨለለቂ ክፍለ ከተማ፣ የተፈናቃዮች መጠለያ (ቀድሞ ኪራሙ ወረዳ)
ቃሉ የተሰጠበት፦ የካቲት 8 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡30 ሰዓት
ጉዳዩ፦ ወ/ሮ ሸዋገነት ባሏ በሕይወት እያለ ሞቷል በማለት የእርዳታ እህል ወስዳለች በሚል የቀረበ ጥቆማ

ከላይ ስሜና አድራሻዬ የተጠቀሰው እኔ ምስክር ስለ ጉዳዩ ተጠይቄ የሚከተለውን ተናግሬያለሁ። ወ/ሮ ሸዋገነትን የማውቃት ኪራሙ በአጥር ተዋስነን ስለኖርን ነው። ባሏን አቶ ጫንያለውንም አውቀዋለሁ። ባለፈው ኅዳር ቀያችን ሲታመስ እሷ መውለጃዋ ደርሶ ስለነበር በመኪና ቀድማ ወደ ነቀምቴ ተላከች። እሱ ከብቶቹን ልንዳ ብሎ ከእኛ ጋር ቀረ። በማግስቱ ጊዳ አያና ሳንደርስ መንገድ ላይ በጥይት ተመታ። ማን እንደተኮሰ አላየሁም። ሲሞት ግን አጠገቡ ነበርኩ። ፊቱን በነጠላዬ የሸፈንኩት እኔ ነኝ፤ ነጠላዬም አብሮት ተቀብሯል።

መጠለያው ስንደርስ ሸዋገነት ሴት ልጅ ወልዳ አገኘናት። በእኛ ዘንድ ለአራስ መርዶ አይነገርም፤ ከደነገጠች ወተቷ ይነጥፋል፣ እሷም ትታመማለች እንላለን። ስለዚህ የአገራችን ሰዎች ተማክረን፣ ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እስክትነሳ ድረስ መርዶውን ልንደብቃት ተስማማን። ስትጠይቀን ከብቶቹን ይዞ እየመጣ ነው እንላት ነበር። ማልቀስ ያማረው ሰው ውሃ ልቀዳ ብሎ ወንዝ ወርዶ ያለቅሳል።

በዚህ መካከል የራሽን ልየታ መጣ። አሠራሩ ሕዝቡ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ አንድ አንድ ሰው እየተነሳ ሲጠየቅ፣ ይገባዋል ወይም አይገባውም ብሎ የሚመሰክርበት ነው። እህሉ ለሁሉ ስለማይዳረስ ሠርቶ የሚያበላት ባል ያላት ሴት መዝገቡ ውስጥ አትገባም። ሰብሳቢው አቶ ሞሲሳ የከተማው ሰው ናቸው፤ ክፉ አይደሉም። “አዴ ሸዋገነት፣ ባልሽ አለ?” ሲሉ በኦሮምኛ ወግ አክብረው ጠየቋት። ልጇን እንደታቀፈች ተነስታ “አለ። ዛሬ ነገ ይደርሳል” አለች። ፊቷ በርቶ ነበር። አቶ ሞሲሳ ወደ እኛ ዞረው ሕዝቡ ምን ይላል አሉ። የቀበርነው ሰዎች ሁላችንም እዚያው ተቀምጠናል። አንድም ሰው አልተነፈሰም፤ እሷም ሳትገባ ቀረች።

ከዚያ በኋላ ከየድርሻችን እየቀነስን ሰጠናት። የእኛም ከወር ወር አያደርስም። ወተቷ ሳይነጥፍ ብለን የደበቅነው መርዶ፣ ወተቷን በረሃብ አነጠፈው። ልጅቷ ማልቀስ ትታ ማቃሰት ጀመረች። ይህን ሳይ አቶ ሞሲሳን ለብቻቸው አግኝቼ እውነቱን ነገርኳቸው። እሳቸውም ለእሳቸው በጓዳ የተነገረ እንደማይሠራ፣ ሕዝቡ በአደባባይ መመስከር እንዳለበት አስረዱኝ። ስለዚህ ሰማንያው ሳይሞላ፣ በጥር ወር መጨረሻ፣ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ይዘን ሄደን አረዳናት። በሩ ላይ ተሰብስበን ስታየን እኛ ሳንናገር ልጇን ለእኔ አቀበለችኝ፤ ከዚያ ወደቀች።

በሚቀጥለው ስብሰባ ያው ጥያቄ ቀረበላት። “ሕዝቡን ጠይቁት” ብላ ተቀመጠች። በዚያን ቀን ሁላችንም ተነስተን መሰከርን፤ ስንዴው ተሰፈረላት። ቀድሞ አለ ያለችውን ባል ኋላ ሞተ አሰኘች ብሎ የጠቆመው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። መጠየቅም አልፈልግም፤ የራበው ሰው ይሆናል። ሸዋገነት ግን ሁለቱንም ጊዜ አልዋሸችም። የዋሸነው እኛ ነን። ሕግ የሚይዘው ካለ እኛን ይያዝ እንጂ የእሷ ራሽን እንዳይቋረጥ እለምናለሁ፤ ልጅቷ ገና አልጠናችም።

ስንዴውን ሸጣዋለች ወይ ተብዬ ለተጠየቅሁት፣ አልሸጠችም። እህሉን በተቀበለች ዕለት ግማሹን ንፍሮ ቀቀለችው። ለልጅሽ አስቀምጪው ብለን ተቆጣናት። ባሏ ሳይለቀስለት፣ ንፍሮ ሳይዘገንለት መቅረቱ እንደሚያቃጥላት ነገረችን። መሬት ላይ አስቀምጣን በየተራ አቀረበችልን። እኔ አፍሬ እጄን ሰበሰብኩ። “እትዬ አሰፋች፣ ዝም ያላችሁት ለእኔው ብላችሁ ነው። ዝገኚለት” አለችኝ። ዘገንኩ። የዚያች ሕፃን ስንዴ መሆኑን እያወቅሁ በላሁ።

ቃሌ በማውቀው ቋንቋ ተነብቦልኝ፣ የጨመርኩትም ያጎደልኩትም አለመኖሩን፣ ሁሉም በዓይኔ ያየሁትና በጆሮዬ የሰማሁት እውነት መሆኑን በጣት አሻራዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር የጣት አሻራ፦ አሰፋች ይመር
ቃሉን የተቀበለው ፖሊስ፦ ኮንስታብል ቀነአ (ፊርማ)