የታችኛው መደርደሪያ

— ሄሎ… ማን ልበል?… ቀጮ፣ አንተ ነህ እንዴ? ቁጥሩን አላወቅኩትም እኮ… ከመሥሪያ ቤት ስልክ ነው? ደህና ነኝ ልጄ። እሷም ደህና ናት… ያው፣ ደህና ናት።

— ትናንትማ እኔ ነኝ የደወልኩት። ድምፅህን ስሰማ አፈርኩና ዘጋሁት። ዕድሜ ልኩን ኤሌክትሮኒክስ ያስተማረ ሰው የገዛ ተማሪውን እርዳኝ ሲል… አትሳቅ እንጂ።

— እሺ፣ ልንገርህ። ባለቤቴ የጫጩት ማስፈልፈያ ልግዛ ስትል፣ እኔ እያለሁልሽ አልኳት። ሠራሁላት። ሁለት መደርደሪያ፣ ለየመደርደሪያው የራሱ አምፖል፣ የራሱ የሙቀት መለኪያ። የሁለቱም ሽቦ ቮልቴጁን ወደ ቁጥር ወደምትቀይረዋ ቺፕ ይገባል። አምፖሎቹም የሚበሩትና የሚጠፉት በዚያ ቁጥር ነው። ከላይ ያሉት እንቁላሎች ይፈለፈላሉ። ከታች ካሉት ግን አንድ እንኳ የለም። ሁለት ዙር ሙሉ፣ እንዳለ ተበላሸ።

— ቁጥሩማ ልክ ነው፣ ያሳበደኝም እሱ ነው። ላይ ሠላሳ ሰባት ከግማሽ፣ ታች ሠላሳ ሰባት ከግማሽ… አዎ፣ ሁልጊዜ እኩል ነው። ለመጣው እንግዳ ሁሉ እያሳየሁ ስኩራራበት ከርሜያለሁ… እንዴት ደግ ምልክት አይደለም?

— ሌላ ምን ይሆናል? ባለቤቴ ናት ብዬ ነዋ። በሩን እየከፈተች ሙቀቱን ታስወጣለች ብዬ… አዎ፣ ነገርኳት። ታላቅ እህቷ ተቀምጣ እየሰማች። አልከፈትኩም ብላ ስትምል፣ «ማሽን አይዋሽም፣ ውሸታሟ አንቺ ነሽ» አልኳት። ሳጥኑንም ቆለፍኩት። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።

— እርጥብ ጨርቅ? ለምን?… እሺ፣ እሺ። አንቺ፣ እስቲ እርጥብ ጨርቅ አቀብዪኝ። አይ፣ አትግቢ፣ እዚያው በሩ ላይ ስጪኝ… ይኸው፣ ሳጥኑን ከፍቼ ላዩ መለኪያ ላይ ጠቅልዬዋለሁ። እየወረደ ነው፣ ሠላሳ አምስት… ሠላሳ ሦስት። እሱማ ምን ይገርማል።

— ታችኛው?… ቆይ። ታችኛውም እየወረደ ነው። አልነካሁትም እኮ።

— እሺ፣ ጨርቁን ወደ ታች አዛወርኩት… ምንም አላለውም። እንዲያውም ከላይኛው ጋር አብሮ ተመልሶ እየወጣ ነው…

— ተው፣ አትንገረኝ። ገብቶኛል። ቺፕዋ ሁለቱን መስመር በተራ በተራ ነው የምታነበው። ሁለተኛው ላይ ምንም ካልደረሳት፣ ከፊተኛው የተረፋትን ትደግማለች። ከጎኑ እንደሚኮርጅ ተማሪ… አዎ፣ እንደዚህ ብዬ ያስተማርኳችሁ እኔው ነኝ። ፈተና ላይም አውጥቼዋለሁ… አንተን ዜሮ ሰጥቼህ ነበር? በዚህ ጥያቄ? አይ የኔ ነገር።

— ልሳበው? ታችኛውን ሽቦ… ወጣ። ገና ስነካው ወጣ። ብሎኑን ያጠበቅኩት ላስቲኩ ላይ ነው ቀጮ፣ መዳቡን ጭራሽ አልነካውም። እሷ መነጽርህን አድርግ ስትለኝ አይኔ ምን ሆነ ብዬ የተቆጣኋት ቀን የሠራሁት ነው ይሄ።

— እየላጥኩት ነው… አጠበቅኩት። አዎ፣ መዳቡን። መለኪያውን አደረቅኩት፣ የሳጥኑንም በር ገጠምኩት። ቁጥሩ… ሠላሳ አንድ ይላል። ሠላሳ አንድ! ላዩ ሲሞቅ የታቹ አምፖልም አብሮ እየጠፋ በብርድ ነው የጨረስኳቸው። ይኸው፣ የታችኛው አምፖል በራ።

— የአሁኖቹማ ከገቡ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ይተርፋሉ ትላለህ?… እንጃ አልክ። እሺ፣ እንጃም ጥሩ ነው።

— እሷ?… እዚሁ ናት። ጨርቁን ካቀበለችኝ ወዲህ ከበሩ አልተነሣችም። ሁሉንም ሰምታለች… ምን ብዬ ቀና ብዬ ልያት? ፊቴን የት ላድርገው?

— አንቺ… ነይ ግቢ። እንኪ፣ ቁልፉ ይኸው። ያዢው በይ።

— … አልቀበልም አለች። እጇን እንኳን አልዘረጋችም… ምን አልሽ?… «መጀመሪያ ለእህቴ ንገራት» ነው የምትለኝ።

— ልክ ነሽ።

— ቀጮ፣ እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ አሁን ልዝጋው። እህቷ ጋ ልደውል ነው… አይ፣ ማታ አይሆንም። ማታ ሲደርስ ሰበብ አላጣም፣ ራሴን አውቀዋለሁ። እዚሁ አጠገቤ ቆማ እየሰማችኝ ነው የምነግራት። በል፣ ደህና ዋል… አንቺ፣ የእህትሽ ቁጥር ስንት ነበር?