በሁለት እጅ የተቀበሉኝ ዓሣ

አሁን ኮንዶሚኒየም የቆመበት ቦሌ አራብሳ ገና እርሻ ሳለ፣ የአንድ ገበሬ ማሳ እያቋረጥኩ ወንዝ ወርጄ ዓሣ አጠምድ ነበር። ስመለስ፣ ስላሳለፉኝ ብዬ አንድ ዓሣ እሰጣቸዋለሁ፤ ተነስተው በሁለት እጃቸው ይቀበሉኛል። ሰፈሩን ዓሣ ያስለመድኩት እኔ ነኝ ስል ኖሬያለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጌን ይዤ ከታክሲ ስወርድ አንዲት ሴት አውቃኝ አስቆመችኝ። የእኚያ ገበሬ ልጅ ናት። «ቤታችን ዓሣ የሚበላ እኮ አልነበረም፤ ድመቷ ናት የጠገበችው» አለችኝ እየሳቀች። «እናቴ ‹እንደማንበላ ንገረው እንጂ› ስትለው፣ አባቴ ‹ተይው፣ ታዲያ ልጁ በምን ያመስግነን?› ይላት ነበር።» እኔም ሳቅኩ፤ ግን ዓይኔ እንባ አቀረረ። እሳቸው ዛሬ የሉም፤ ጎንበስ ብዬ እግዜር ይስጥልኝ ያልኩት ለልጃቸው ነው።