የመስቀሉ መወልወያ

ውጭ አገር፣ ኦስዶርፕ በሚባል ሰፈር ከአጎቴ ጋር ነው የምኖረው። የተኩስ ክለብ አባል ስለሆንኩ የተተኮሱ የነሐስ ቀለሃዎችን በሳሙናና በሎሚ ውሃ አጥቤ፣ ባሩድ ሞልቼ እንደገና እጠቀምባቸዋለሁ። ባለፈው ከሥራ ስመለስ ቀለሃዎቹ ሁሉ ወርቅ መስለው ጠበቁኝ። ለካ አጎቴ የቤተ ክርስቲያኑን የነሐስ መስቀል በሚያጸዱበት ፈሳሽ ወልውለዋቸዋል። «ማጽዳት ማለት እንዲህ ነው» አሉኝ።

እንዳልሳሳት የጠርሙሱን ጽሑፍ ደግሜ አነበብኩት፤ አሞኒያ አለበት። «ጋሼ፣ ይሄ ነሐሱን ውስጥ ውስጡን ይሰነጥቀዋል። ስተኩስ እጄ ላይ ሊፈነዳ ይችላል» አልኳቸው። ደንገጥ ብለው፣ «ታዲያ መስቀሉስ?» አሉ።

«መስቀሉ አይተኮስም፣ ጋሼ።»

አልሳቁም። ቀኝ እጄን ይዘው ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳበሱና፣ «ጠርሙሱን ባታየው ኖሮ በነዚያ ቀለሃዎች ትተኩስ ነበር» አሉ።