የግራው ወንበር

(ሞምባሳ፣ ባሕር ዳር ያለ ሆቴል፣ ረፋድ፤ ከደብረ ብርሃን ለሽርሽር የመጡ ባልና ሚስት፣ ስንሻው ሙሉ ልብስና ክራቫት ለብሶ ክብ ትሪ ታቅፎ ቆሟል፣ ትብለጥ ጫማዋን አውልቃ እግሯን አሸዋ ውስጥ ቀብራለች፤ የሆቴሉ ደጃፍ ላይ ነጭ የኪራይ መኪና ይታያል።)

ትብለጥ፦ ትሪውን መልስ።

ስንሻው፦ መኪናውን እሺ በይኝና እመልሳለሁ።

ትብለጥ፦ አስተናጋጁ ደጋግሞ መጥቶ አይቶህ ተመለሰ። ሙሉ ልብሱን ፈርቶ ነው እንጂ ይቀማህ ነበር።

ስንሻው፦ ይፍራ። በዚህ ምድር ላይ አንድ ሰው እንኳ ይፍራኝ።

ትብለጥ፦ ላብህ ክራቫትህ ላይ እየተንጠባጠበ ነው፣ ስንሻው። አገሬው በቁምጣ ይሄዳል፣ አንተ ለፍርድ ቤት እንደተጠራ ሰው ቆመሃል።

ስንሻው፦ አታዙሪብኝ። መኪናውን እንከራይ ወይስ አንከራይ?

ትብለጥ፦ አንከራይም። ዓመቱን ሙሉ የሰው ልጅ ጭኜ ትምህርት ቤት የማመላልስ ሴት ነኝ። አንዱ ያስመልሳል፣ አንዷ ጫማዋን በመስኮት ትወረውራለች፣ እናትየዋ ደግሞ ጫማው የት ገባ ብላ እኔን ትይዛለች። ባንኩ ዕጣ ሲያወጣልኝ ባሕር እዪ አለኝ እንጂ መሪ ጨብጪ አላለኝም።

ስንሻው፦ አንደኛው ዕጣ መኪና ነበር።

ትብለጥ፦ ለሌላ ሰው ደረሰዋ። ለእኛ የደረሰን ባሕር ነው። ያውልህ፣ ተንጣሎልሃል፣ እየው።

ስንሻው፦ አየሁት። ከመጣን ጀምሮ ወደ እኔ ይመጣል፣ ይመለሳል። ቁም ነገር የለውም።

ትብለጥ፦ መንጃ ፈቃዱ የኔ፣ ነጂዋ እኔ፣ ድካሙ የኔ። አንተ ለመሆኑ መኪናው ምን ያደርግልሃል?

ስንሻው፦ ትናንት ከአየር ማረፊያው ስንመጣ የታክሲውን መሪ አላየሽውም?

ትብለጥ፦ እኔማ አይቼ ደንግጫለሁ። በቀኝ በኩል ነው።

ስንሻው፦ በግራ በኩልስ ምን ነበረ?

ትብለጥ፦ የተሳፋሪ ወንበር።

ስንሻው፦ እዚህ ነው የተሳፋሪ የሆነው። ደብረ ብርሃን ላይ በግራ የሚቀመጠው ማን ነው?

ትብለጥ፦ ሾፌር።

ስንሻው፦ እንግዲህ።

ትብለጥ፦ እንግዲህ ምን?

ስንሻው፦ እኔ በግራ እቀመጣለሁ። መስታወቱን አወርዳለሁ። ክንዴን እንደ ሾፌር በመስኮቱ አወጣለሁ። አንቺ ወርደሽ ከውጭ ታነሺኛለሽ። ፎቶውን ያየ የአገር ሰው ምን ይላል? ስንሻው በሰው አገር መኪና ይነዳል ይላል።

ትብለጥ፦ መሪ የለማ እዚያ በኩል።

ስንሻው፦ ትሪው ለምን የመጣ መሰለሽ?

ትብለጥ፦ የእመቤቴ ያለሽ።

ስንሻው፦ አትሳቂ። ለካሁት እኮ። ጠርዙ ብቻ ነው የሚታየው። ደግሞ ጥቁር ነው፣ ልክ እንደ መሪ። ምሳ ቤት ውስጥ ካሉት ሁሉ መርጬ ነው ያመጣሁት፣ ሌሎቹ አበባ አለባቸው።

ትብለጥ፦ ኧረ ተወኝ፣ ሆዴን አመመኝ። አበባ ያለበት መሪ ይዘህ ቢሆን ኖሮ።

ስንሻው፦ ሳቂ፣ ሳቂ። ቤተሰባችሁ በእኔ ለመሳቅ ሰበብ አጥቶ አያውቅም።

ትብለጥ፦ ታዲያ ለፎቶ ከሆነ መኪናው ቆሞ እያለ ግባና ተነሳ። እኔን ለምን ታደክመኛለህ?

ስንሻው፦ ሞከርኩ። መኪና የምታከራየውን ልጅ በእጄም በአፌም አስረዳኋት። አይነዳም፣ እዚሁ ቆሞ ነው የምከራየው አልኳት። ቆሞም ቢሆን መንጃ ፈቃድ ይፈልጋል አለች። የእድር መታወቂያዬን ሰጠኋት። አገላብጣ አየችው፣ ማኅተሙንም የወደደችው ይመስለኛል፣ ግን መለሰችልኝ። ግማሹንስ፣ የግራውን ወገን ብቻ ብከራይ ስላት አለቃዋን ጠራች።

ትብለጥ፦ አለቃዋ ምን አለ?

ስንሻው፦ ውኃ አመጣልኝ። ሙቀቱ የነካኝ መሰለው።

ትብለጥ፦ አስተዋይ ሰው ነው።

ስንሻው፦ አሁን ያለው መንገድ አንድ ነው። አንቺ ፈርመሽ እስከ ባሕሩ መንገድ ትነጂዋለሽ፣ ታቆሚዋለሽ፣ ትወርጃለሽ፣ ታነሺኛለሽ። አትክልተኛውም መኪናውን ከኋላ ለመግፋት እሺ ብሎኛል።

ትብለጥ፦ የሚገፋው ለምንድን ነው?

ስንሻው፦ ክራቫቱ ንፋስ እንዲመታው። የቆመ መኪና ውስጥ ያለ ሰው ክራቫቱ አይንቀሳቀስም፣ ወንድምሽ ደግሞ እንዲህ ያለውን ያያል።

ትብለጥ፦ እ፣ መጣህልኝ። ለውቤ ነው ይሄ ሁሉ።

ስንሻው፦ ለቤተሰቡ ግሩፕ ነው። ውብሸት ግሩፑ ውስጥ ካለ እኔ ምን ላድርግ?

ትብለጥ፦ የድሮውን አሁንም አልተውከውም። ሰው መንጃ ፈቃድ ፈተና ወደቀ ተብሎ ዕድሜ ልኩን ያኮርፋል?

ስንሻው፦ ብወድቅማ ምን ነበረበት። ፈተናው ጋ መች አደረሰኝ። አንቺም እኔም እሱ ጋ ነው ስልጠና የገባነው። አንቺን መኪና ላይ አወጣሽ። እኔ አንድ እንጨት ጣልኩ ብሎ ከመኪና አስወርዶ በእግርህ ተለማመድ አለኝ። በተማሪ ሁሉ ፊት፣ በባዶ እጄ መሪ እያዞርኩ፣ በሁለት እንጨት መሀል ወደ ኋላ አስኬደኝ።

ትብለጥ፦ አውቃለሁ፣ ነበርኩ።

ስንሻው፦ ማርሽ ስቀይር በአፌ ድምፅ ካላወጣሁ እንደገና ከመጀመሪያው ያስጀምረኝ ነበር። ያንንም አደረግኩለት።

ትብለጥ፦ በእግርህም እኮ እንጨቱን ጣልከው።

ስንሻው፦ እሱን ነው የምልሽ። ፋሲካ በመጣ ቁጥር፣ ሥጋው ከመቆረጡ በፊት፣ በእግሩም እንጨቱን ጣለ ብሎ ይጀምራል። አማቾቹ ይስቃሉ። ልጆቹ ይስቃሉ። ከዚህ በፊት ሰምቶት የማያውቅ እንግዳ ካለ ደግሞ ተነስቼ እንዳሳይ እጠየቃለሁ።

ትብለጥ፦ ጨዋታ ነው እኮ።

ስንሻው፦ ለጸበል የሄድን ጊዜ ያደረገኝም ጨዋታ ነበር? ፊት ወንበር ላይ ኬክ አስቀምጦ ቀበቶ አሰረለት። እኔን ከኋላ ከበጉ ጋር ጫነኝ። ኬኩ ቀበቶ አስሮ ፊት ለፊት መንገድ እያየ፣ እኔ የበግ ቀንድ ጎኔን እየወጋኝ ሄድኩ።

ትብለጥ፦ አንተ ደግሞ ከሚበላ ነገር አጠገብ ስትሆን ደስ ይልሃል ብሎ ይሆናል።

ስንሻው፦ ምን ማለት ነው እሱ?

ትብለጥ፦ ምንም።

ስንሻው፦ ከቤት ከወጣን ጀምሮ እንዲህ እንዲህ ትይኛለሽ። አውሮፕላኑ ላይም ምግቡ ሲመጣ፣ ሂድና ከማብሰያው አጠገብ ተቀመጥ አልሽኝ።

ትብለጥ፦ ምንም አልኩህ እኮ። የአገሬን ብርድ ረስቼ እግሬን ላሙቅበት፣ ተወኝ።

ስንሻው፦ አልተውሽም። የማስተዋል ሰርግ ደርሷል። መኪና የደለደለው ማን ነው?

ትብለጥ፦ ውቤ ነው። ለምኖ ያሰባሰበልንም እሱ ነው። አለዚያ የልጅህ ሰርግ በጋሪ ይሆን ነበር።

ስንሻው፦ እኔን የት እንደመደበኝ ታውቂያለሽ?

ትብለጥ፦ አውቃለሁ። አይሱዙው ላይ፣ ከድስቶቹ ጋር።

ስንሻው፦ ታውቂያለሽ።

ትብለጥ፦ አውቃለሁ፣ ምነው?

ስንሻው፦ የሙሽራ አባት ከጎመን ድስት ጋር ሲሄድ አውቀሽ ዝም አልሽ።

ትብለጥ፦ አንተ መርጠህ እኔ ምን ልበል?

ስንሻው፦ ማን መረጠ?

ትብለጥ፦ አንተ ነህዋ። ወጡ መንገድ ላይ እንዳይደፋ ራሴ ካልጠበቅኩት ብለህ የለመንከውን ውቤ ነግሮኛል። ከልጁ ወጡን ያስቀደመ አባት ካንተ በቀር አላየሁም። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ አኩርፌሃለሁ፣ ልብ አላልክም?

ስንሻው፦ ሁልጊዜ ስለምታኮርፊ አዲሱን ከድሮው አልለየሁትም።

ትብለጥ፦ ስንሻው፣ ወደ እኔ ዙር። ለምነኸዋል ወይስ አልለመንከውም?

ስንሻው፦ እኔ ምን አብጄ ነው ድስት የምለምነው? ድንኳን ሊለኩ የመጡት ሰዎች ቆመው እየሰሙ ነው የነገረኝ። የሙሽራዋ መኪና ፊት ወንበር ላይ ቪዲዮ ስለሚነሳ እኔ እቀመጣለሁ አለ። አባቷ እኔ ነኝ አልኩት። መኪና የማያውቅ ሰው ፊት ሲቀመጥ ሾፌሩን ያስደነግጣል፣ አንተ ደግሞ በእግርህም አደጋ ታደርሳለህ አለኝ። ድንኳን ለኪዎቹ ሜትራቸውን ጥለው ሳቁ።

ትብለጥ፦ እና ዝም አልከው?

ስንሻው፦ ትብለጥም እንደዚያ ይሻላል ብላለች አለኝ። አንቺ ካልሽ ማንን ልናገር?

ትብለጥ፦ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ስንሻው፦ እኔ በምን ልወቅ? እሱን ስታደንቂ እንጂ ስትቃወሚ ሰምቼሽ አላውቅም። እና መኪና ስነዳ ፎቶዬን ካየ፣ አንተ መኪና አታውቅም ብሎ ከልጄ መኪና አያወርደኝም ብዬ ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም። ጉራ አይደለም። አንድ ቀን ብቻ፣ ከልጄ ፊት ያለችው ወንበር ላይ።

ትብለጥ፦ ስልኬን ከቦርሳው አውጣልኝ።

ስንሻው፦ ምን ልታደርጊ ነው?

ትብለጥ፦ አውጣ አልኩህ። ትሪውስ የት ሄደ?

ስንሻው፦ አስተናጋጁ መጥቶ ሲጠይቀኝ ሳላስበው ሰጠሁት መሰለኝ። እንዳትሳደቢ ብቻ፣ ግሩፑ ላይ የሰው ጆሮ አለ።

ትብለጥ፦ ግሩፑ ላይ ነው የምናገረው። ዝም በል፣ ድምፅ እየቀዳሁ ነው። ውቤ፣ እንደምን አደርክ ወንድሜ፣ ትብለጥ ነኝ። የማስተዋልን መኪና የምነዳው እኔ ነኝ። የሰው ልጆች ጭኜ አንዳቸውም ሳይጫሩ ዓመት ከዓመት የማደርስ ሴት፣ የራሴን ልጅ አላደርስም አትለኝም። ፊት የሚቀመጠው አባቷ ነው። አንተን አይሱዙው ላይ መድበንሃል። ድስቶቹ ውድ ናቸው፣ እንደ አንተ ያለ መኪና የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ጎመኑን አደራ።

ስንሻው፦ ላክሽው?

ትብለጥ፦ ሄዷል።

ስንሻው፦ ይሰረዝ እንደሆነ እዪው እስኪ።

ትብለጥ፦ የሚሰረዝ ነገር አልተናገርኩም።

ስንሻው፦ የሙሽራ እናት ሙሽራ ስትነዳ የት አገር ታይቷል? ሚዜዎቹ ምን ይላሉ?

ትብለጥ፦ ሚዜዎቹ ከኋላ ይቀመጣሉ፣ ቀበቶ ያስራሉ፣ ጫማቸውን በመስኮት ካልወረወሩ ከእኔ ጋር ጠብ የላቸውም።

ስንሻው፦ ሰምተውታል። አየሽ፣ ግሩፑ ላይ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። እትዬ የሻረግ እልልታ ልካለች።

ትብለጥ፦ ውቤስ?

ስንሻው፦ እየጻፈ ነው ይላል። አቆመ። እንደገና እየጻፈ ነው ይላል። አቆመ።

ትብለጥ፦ ይጻፍ። ያንተ ፊት ምን ሆነ? የፈለግከውን አገኘህ አይደል?

ስንሻው፦ አገኘሁ። አገኘሁ እንጂ... ትብለጥ፣ እኔ ፊት ተቀምጬ አላውቅም እኮ። ሰርቪስሽ ላይም ስትወስጂኝ ከልጆቹ ጋር ከኋላ ነው። ፊት ሲቀመጡ እጅ የት ነው የሚደረገው?

ትብለጥ፦ ጉልበት ላይ።

ስንሻው፦ እግርስ? ፍሬን ቢያስፈልግ?

ትብለጥ፦ አንተ ጋ ፍሬን የለም።

ስንሻው፦ መኪና ከፊት ሲመጣስ? ይጮኻል ወይስ ዝም ይባላል? ቪዲዮ አለ ደግሞ። ማስተዋል ከኋላ ተቀምጣ አባቷ ዓይኑን ጨፍኖ በሩን ጨብጦ ካየች፣ ውብሸት እውነቱን ነበር ትላለች። ምናልባት ድስቶቹ...

ትብለጥ፦ ድስት የሚለውን ቃል ሁለተኛ ካፍህ እንዳልሰማ። ጫማዬን አቀብለኝ።

ስንሻው፦ የት ልትሄጂ ነው? ባሕሩን ገና አልጠገብሽውም።

ትብለጥ፦ መንጃ ፈቃዴ ቦርሳው ውስጥ ነው፣ መኪና ለምታከራየው ልጅ ውሰድላትና ቁልፉን ተቀበላት።

ስንሻው፦ ፎቶው እንግዲህ ይቅር እኮ። አያስፈልግም። መሪ አልጨብጥም አላልሽም ነበር?

ትብለጥ፦ ፎቶ ማን አለ? ክራቫትህን ፍታና ግባ። ዛሬ እስኪበቃህ ስትጮህና በሩን ስትጨብጥ ትውላለህ፣ እኔም ቀስ ብዬ እነዳለሁ፤ ፊት መቀመጥም ይለመዳል።